ወርክሾፑ ለጎበዝ ተማሪም ነው

የምሠራው የግንባታ ማቴሪያል በሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራችን በአጭሩ መስበር ነው። ከየሳይቱ የሚመጣ የኮንክሪት ኪዩብ ማሽን ውስጥ አስገብተን እንሰብራለን። ፌሮ ስበን እንበጥሳለን። ብሎኬት እንጨፈልቃለን። ስንት ጉልበት እንደቻለ ጽፈን ለባለጉዳዩ እንሰጣለን። ቁጥሩ ከወረደ ሥራ ይቆማል፣ ሰው ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዴም ቆሞ የነበረ ዓምድ ይፈርሳል።

በየዓመቱ አዲስ ተመራቂ ኢንጂነሮች ይመጡልናል። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ብረት ሲሳብ እንዴት እንደሚለጠጥ፣ የት ላይ እጁን እንደሚሰጥ፣ የት ላይ እንደሚበጠስ ኩርባውን ወረቀት ላይ ቁጭ ያደርጉታል። ቀመሩንም ያውቁታል። ነገር ግን ሁለት ቁራጭ ብረት ሰጥቼ «የትኛው ይጠነክራል? በሞረድ ነክታችሁ ንገሩኝ» ስላቸው ይቸገራሉ። ሞረድ ይዞ የማያውቅ እጅ ብረቱ የሚለውን አይሰማም። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በላይ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲመላለሱ፣ ብረት ቁረጡ፣ እንጨት ላጉ፣ ሲሚንቶ አቡኩ ያላቸው ሰው የለም።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ብረትን፣ እንጨትን፣ ጭቃንና ሲሚንቶን በእጅ እየነኩ፣ እያገሉና እየሰበሩ መማር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንዴት እንደጠፋ ሳስብ ዝም ማለት አልችልም። የጠፋው ደግሞ ከሁሉም አይደለም። የጠፋው ከጎበዞቹ ነው። «ነጥብ አልመጣላቸውም» ለተባሉት ግን በቅጣት መልክ ቀረ። እኔ የምለው ወርክሾፕ ሐኪም ለሚሆነውም፣ ኢንጂነር ለሚሆነውም፣ ነጋዴ ለሚሆነውም ተማሪ የሚገባ ትምህርት ነው። ለምን እንደምል ከራሴ ትምህርት ቤት ልጀምር።

እኔ የተማርኩት ኮምፕርሄንሲቭ ይባሉ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። የደሴውን የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ስሙ አይጠፋውም። ሐሳቡ በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ የመጣ ነው። ከዚያ በፊትም የእጅ ትምህርት አልነበረም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተቋቁሟል፤ ሜታል ቴክኖሎጂ፣ ዉድ ቴክኖሎጂ፣ ቴክስታይል፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ የሚሰጥበት። እነዚህ ግን ሙያውን እንጀራዬ ብሎ ለሚይዝ ሰው ነበሩ። የኮምፕርሄንሲቩ ነገር ሌላ ነው። ፊዚክስና ሒሳብ የሚማረው ተማሪ ያው ራሱ ካፖርቱን ለብሶ ወርክሾፕ ይገባል። የእንጨት ክፍል፣ የብረት ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ክፍል፣ ቴክኒካል ድሮዊንግ እየተዘዋወረ ይማራል። ከክፍሌ አንደኛ የምትወጣው ልጅ እጇ ላይ የሞረድ ጥቁር ነበረባት፤ ማንም አልገረመውም።

የብረት ክፍላችን ረጅም ነበር። በግድግዳው ጥግ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ የተገጠመላቸው ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ጫፉ ላይ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ቶርኖ አለ፤ እሱን የሚነኩት ከፍ ያሉት ብቻ ናቸው። ለእኛ መሮ እንድንሠራ ቁራጭ ባሌስትራ ታደለን። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሥር የወጣ፣ ክብደት ሲጫነው እየጎበጠ የሚመለስ፣ ዝገት የበላው ብረት።

እስቲ ይቺን መሮ በዝርዝር ልንገራችሁ። የብዙ ሰዓት የክፍል ትምህርት እሷ ውስጥ አለ።

ባሌስትራ እንደመጣ በሞረድ አይደፈርም፤ ጠንካራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማለስለስ ያስፈልጋል። ፍም እስኪመስል አግለን አመድ ውስጥ ቀበርነው። አመዱ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ብረቱ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አደረ። በማግስቱ ያው ብረት በሞረድ ይቆረጥ ጀመር። ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልተቀነሰበትም። የተቀየረው የቀዘቀዘበት ፍጥነት ብቻ ነው። ይሄንን መጽሐፍ ላይ ብታነቡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእጃችሁ ስትይዙት ግን ጥያቄው አያስተኛም። ብረቱ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ቅርጹን በሞረድ አውጥተን ስንጨርስ ማጠንከር መጣ። እንደገና እሳት ውስጥ። መምህራችን ከተበላሸ ስፒከር ያወጣው ማግኔት ነበረው። የጋለውን ብረት በጉጠት አውጥቶ ወደ ማግኔቱ ያስጠጋል። ይይዘዋል። መልሶ እሳት ውስጥ ይከተዋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያስጠጋዋል። አሁን ማግኔቱ አልያዘውም! ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ መሳሳቡን ያጣል። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ክፍል ውስጥ ማግኔቱ ቴርሞሜትራችን ነበር። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ያግለውና የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ጢሱ ክፍሉን ይሞላዋል።

ከዘይቱ የወጣውን መሮ በሞረድ ስንሞክረው ሞረዱ ተንሸራተተ። ጨርሶ አልያዘውም። ሁላችንም ጨረስን ብለን ደስ አለን። መምህሩ ግን ሆን ብሎ ያተረፈውን አንድ ቁራጭ መስፉ ላይ አስቀምጦ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ በመዶሻ መታው። እንደ ብርጭቆ ፍርክስክስ አለ። «ጠንካራ ነው» አለን፤ «ግን አይችልም»። መጠንከርና መቻል ለየቅል መሆናቸውን ያኔ ነው የገባኝ። ዛሬ በላብራቶሪያችን ሪፖርት ላይ ሁለቱ በተለያየ መስመር ይጻፋሉ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው ከሁሉም የሚገርመው። ጠንካራውን መሮ በብርጭቆ ወረቀት አሸን፣ ነጭ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ። ከዚያ ጫፉን ሳይሆን ጀርባውን እሳት ላይ ያዝነው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ሲሄድ ቀለም እየመራ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የገለባ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ብቅ ይላል፤ ያ ወደ 220 ዲግሪ ነው። ተከትሎት ቡናማ ይመጣል። ከዚያ ወይን ጠጅ። ከዚያ ሰማያዊ፤ ያ ወደ 300 ዲግሪ ነው። የእንጨት መሮ ከሆነ ገለባው ጫፉ ላይ እንደደረሰ ውሃ ውስጥ ይገባል። መዶሻ የሚያርፍበት የብረት መሮ ከሆነ ግን ወይን ጠጁ እስኪደርስ ይጠበቃል። ብትቸኩሉ ጫፉ ይሸረፋል። ብትዘገዩ ይለሰልሳል። የተማሪው ዓይን ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም፤ ማንም ዝም በሉ ሳይል ክፍሉ በሙሉ ዝም ይላል።

ቀለሙ ቀለም አይደለም። ብረቱ ላይ የሚያድር እጅግ ስስ የዝገት ሽፋን ነው። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ብርሃኑን የሚመልስበት መንገድ ይቀየራል። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስለ ብርሃን ሞገድ የተማርነው ምዕራፍ መሮው ላይ ተቀምጦ ነበር። ኬሚስትሪውም እዚያው ነው። ብረት ሲግል አተሞቹ የተደረደሩበት መልክ ይቀየራል፤ በአዲሱ አደራደር ውስጥ ካርቦን ይሟሟል። ዘይት ውስጥ ድንገት ሲገባ ካርቦኑ መውጫ ያጣና እዚያው ታግቶ ይቀራል። የብረቱ ውስጥ ይወጠራል። ያ ውጥረት ነው ጥንካሬው። በቀስታ ስናሞቀው ውጥረቱ ትንሽ ይረግብና ብረቱ መቻልን ያገኛል። ባሌስትራ ውስጥ ያለው ካርቦን የአንድ በመቶ ግማሽ ገደማ ቢሆን ነው። ከተራ ላሜራ መሮ ለመሥራት የሞከረ ጓደኛችን ግን የፈለገውን ያህል ቢያግልና ቢነክር ሞረዱ እንደ በፊቱ ይበላለት ነበር። ካርቦኑ አነስተኛ ነዋ! የሚታገት ነገር የለም።

ይሄ ዕውቀት ዛሬም እንጀራ ያበላኛል። በየሳይቱ ወፍራም ፌሮ አልታጠፍ ሲላቸው በእሳት አግለው የሚያጥፉ አሉ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ፌሮ ፋብሪካ ውስጥ ገና ትኩስ ሳለ በውሃ ተመትቶ ቆዳው የጠነከረ ነው። እሳት ላይ ስትጥለው ያንን ጥንካሬ መልሰህ ታወጣበታለህ። ፎርማኑን «አታግሉት» ብዬ ብነግረው ትእዛዝ ነው፤ ነገ ይረሳዋል። መሮውን ሠርቶ የሚያውቅ ፎርማን ግን ገና አፌን ሳልከፍት ይገባዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ዕድሜያቸውን ስጠይቅ የኮምፕርሄንሲቭ ተማሪዎች ሆነው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለእኛ በትምህርት ቤት የተነገረንን ይሄን ሁሉ፣ የገጠሩ አንጥረኛ ድሮውንም ያውቀዋል። ባሌስትራ ፈልጎ የሚገዛው በምክንያት ነው። ማረሻ፣ ምሳር፣ ማጭድ ከሱ ሲሠራ ቀለሙን አይቶ ነው ውሃ ውስጥ የሚከተው። ወናፉን የሚነፋለት ልጁ ያንን ቀለም እያየ ያድጋል። እና ይሄን የሚያህል ዕውቀት የያዘውን ሰው አገራችን ምን አለችው? ቀጥቃጭ አለችው። ጠይብ አለችው። ቡዳ ነው ብላ አብራው አልበላም አለች፤ ልጇን አልዳረችለትም። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውንም እንዲሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ይከልክል እንጂ ንቀቱን አላጠፋውም።

ንቀቱ ዛሬ ስድብ አይደለም። ዛሬ ነጥብ ሆኗል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አጠቃላይ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ያልቅ ነበር። በአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለት እኩል መንገዶች ነበሩ። ሰፈር ውስጥ ግን «ልጅሽ እንዴት ሆነ?» ሲባል «ቴክኒክና ሙያ ደረሰው» የምትል እናት ድምጿ ዝቅ ይላል። ጎረቤቷም «አይዞሽ» ትላለች። የሠለጠነ ብየዳ ሠራተኛ በምንፈልግበት አገር፣ ብየዳ ለመማር የገባ ልጅ ቤተሰቡ በ«አይዞሽ» ይጽናናል። ንቀቱ በምኒልክ ጊዜ ከነበረበት ቦታ ብዙ አልራቀም።

በዚያው ልክ መሰናዶ የገባው ጎበዝ ከቁስ ጋር ተለያየ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፋል። የኬሚስትሪ ሙከራው ቴሌቪዥኑ ላይ ይሠራል፣ ተማሪው ያያል። ጥሩ መምህር ላልነበረበት ትምህርት ቤት ጥቅም አልነበረውም አልልም። ነገር ግን የማይሸት፣ የማያቃጥል፣ የማይሳሳት ሙከራ ነው። ቴሌቪዥኑ «እስቲ አንተ ያዘው» አይልም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ኢንጂነሪንግ ገቡ። ብረት፣ ጣውላና ሲሚንቶ በእጃቸው ሳይገባ። ከላይ ያልኳችሁ ጎበዝ ተመራቂዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

የድሮው ወርክሾፕ የት ሄደ ብዬ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ገብቼ ጠይቄ አውቃለሁ። አንዱ ጋ ክፍሉ እንዳለ አለ። የተሰበረ ዴስክ ጣሪያው ድረስ ተከምሮበታል። ዴስኮቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ሳይ ሞርሳዎቹ ከጠረጴዛው ጋር እንደተገጠሙ ናቸው። ዝገዋል እንጂ አልተሰበሩም። ዘይት ቢጠጡ ይሠራሉ። ቁልፉን የያዙትን ጋሼ «እዚህ ማን ያስተምር ነበር?» ስላቸው «ጡረታ ወጡ፤ በእሳቸው ቦታ የመጣ የለም» አሉኝ።

ስለ እንጨት ብዙ አልጽፍም፤ ሌላ ቀን እመለስበት ይሆናል። አንዲት ነገር ብቻ። ወርክሾፕ የተማረ ሰው በር ሲያሠራ ባሕር ዛፉ ደርቋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰበሰብም። በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ ያለው ከቀለበቱ ተሻጋሪ እጥፍ ያህል ይሰበሰባል። ስለዚህ እርጥብ ጣውላ የተሠራ ዕለት ቀጥ ይልና በወሩ ይጣመማል። ዋንዛ የሚወደደው በመልኩ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲደርቅ እንደ ባሕር ዛፍ አያስቸግርም። የጣውላውን ጫፍ አይታችሁ ወዴት እንደሚጎብጥ መናገር የምትማሩት የእንጨት መላጊያውን ፒያላ ይዛችሁ ላብ ሲያጠምቃችሁ ነው።

አሁን ተስፋ ወደሚሰጠኝ ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርት ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ተመልሷል። በጣም ደስ ብሎኛል። ስጋቴ መጽሐፉ ብቻ እንዳይመጣ ነው። ስለ ሞረድ ዓይነቶች የሚያስሸመድድ፣ ከዚያ «ከሚከተሉት ውስጥ ሞረድ ያልሆነው የቱ ነው?» የሚል ፈተና። እንደዚያ ከሆነ ባይመጣ ይሻል ነበር፤ ልጆቹ የእጅ ትምህርትም አሰልቺ ነው ብለው ያድጋሉና።

በጀት የለም የሚለውን አውቃለሁ። ቶርኖ ይገዛ፣ ትራፓኖ ይገዛ እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሪችላንድ የምትባል ከተማ አለች። አጠገቧ ትልቅ የመንግሥት የምርምር ላብራቶሪ አለ። በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የላብራቶሪው ሳይንቲስቶችና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አንድ ላይ ሆነው የማቴሪያል ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚባል ትምህርት አዘጋጁ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም ቀጥታ ሥራ የሚይዘውም ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ብረት ያቀልጣል፣ ብርጭቆ ይሠራል፣ ኮንክሪት ይሰብራል። ትምህርቱ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ተዛምቷል። የአገሪቱ የማቴሪያል ባለሙያዎች ማኅበር፣ ኤኤስኤም፣ በክረምት ለመምህራን የአንድ ሳምንት ሥልጠና ይሰጣል፤ መምህሩ ተማሪው የሚሠራውን ሁሉ አስቀድሞ በገዛ እጁ ይሠራል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። መምህሩ ራሱ ያላገለውን ብረት ማስተማር አይችልም።

በዚህ ዓይነት ትምህርት የታወቀ አንድ ሙከራ አለ። የሚያስፈልገው የፀጉር ፒን ነው፣ ሱቅ የሚሸጠው ተራው ጥቁር ፒን። አንዱን እንዳለ አጥፋችሁ መልቀቅ ነው፤ ይመለሳል። ሌላውን በቡታጋዝ ፍም እስኪመስል አግላችሁ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው፤ ስታጥፉት እንደታጠፈ ይቀራል። ሦስተኛውን አግላችሁ ወዲያው ውሃ ውስጥ፤ ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አራተኛውን እንዲሁ ውሃ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ሰማያዊ እስኪሆን ብቻ መልሶ ማሞቅ፤ እንደ ሞላ ሆኖ ይመለሳል። ከላይ የተረክሁላችሁ የባሌስትራ መሮ ታሪክ በሙሉ በአራት ፒን አለቀ። መነጽር ለዓይን፣ ጉጠት ለእጅ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ይሄን ማድረግ የማይችል ትምህርት ቤት በአገራችን አለ ብዬ አላምንም።

በሲሚንቶም ይቻላል። ከሳይት ችግሮች ሁሉ አንደኛው ውሃ ነው። ሠራተኛው ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲፈስለት ውሃ ይጨምራል። ኪዩቡ ከ28 ቀን በኋላ እኛ ጋ ሲመጣ ደካማ ሆኖ ይሰበራል፤ ያኔ ሕንፃው አንድ ፎቅ ወጥቷል። ብዙ ሰው ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ይመስለዋል። አይደለም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ይዋሐዳል፤ ውሃውን ሳይጠግብ ከደረቀ መጠንከሩን ያቆማል። ለዚህ ነው እርጥብ ጆንያ የሚለብሰው። ለውሕደቱ ከሚያስፈልገው የተረፈው ውሃ ደግሞ በኋላ ሲተን ጥቃቅን ቀዳዳ ጥሎ ይሄዳል፤ ድካሙ ከዚያ ነው። ተማሪዎች ይሄንን በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ማየት ይችላሉ። እኩል ሲሚንቶ፣ እኩል አሸዋ፣ ውሃው ግን የተለያየ። ግማሹ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ እርጥብ ጆንያ ሥር። ከዚያ መስበር። ይሄን በአሥራ አምስት ዓመቱ በእጁ የሰበረ ልጅ ነገ ሳይት ላይ ውሃ ጨምሩ የሚል ፎርማን አይሆንም። ቤት የሚያሠራ ሰው ቢሆን እንኳ ጆንያው ደርቆ ሲያይ ይጮኻል።

እኛ ላብራቶሪው አጠገብ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ትንሽ ነገር ጀምረናል። ባለፈው ክፍለ ጊዜ የወሰድኩላቸው ጭቃ ነው። ጭቃ ቤት የሠራ ሰው የጭድን ነገር ያውቃል፤ የጤፍ ጭድ ሳይገባበት የተለሰነ ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ልጆቹ ይሄን ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ስለዚህ ጡብ ሠሩ። ግማሹ ባዶ ጭቃ፣ ግማሹ ጭድ የገባበት። ጥላ ውስጥ አደረቁት፣ ፀሐይ ቶሎ እንዳይሰነጥቀው። ከዚያ ጫፍና ጫፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው መሐሉ ላይ ባልዲ አንጠለጠሉበትና አሸዋ ይጨምሩበት ጀመር።

ባዶው ጭቃ ድንገት ለሁለት ተከፈለ። ባልዲው ወደቀ፣ ሁሉም ጮኹ። የጭዱ ጡብ ተራ ሲደርስ ሁሉም ብዙ እንዲችል ጠብቀው ነበር። የተሰነጠቀው ግን ከባዶው ብዙም ባልራቀ ክብደት ነው። ልጆቹ ተከፉ። «ጭዱ ምንም አልጠቀመም ማለት ነው ቲቸር?» አለኝ አንዱ። አሸዋውን ቀጥሉ አልኳቸው። ስንጥቁ እየሰፋ ሄደ፣ ጡቡ ጎበጠ፣ ባልዲው ግን አልወደቀም። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ጭዶቹ በስንጥቁ መሐል ተወጥረው ሁለቱን ወገን ይዘዋል። ጭድ ስንጥቅ አይከለክልም፤ ስንጥቁ ሙሉ እንዳይሆን ነው የሚይዘው። ፌሮ በኮንክሪት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰሌዳ ላይ አንድም ነገር አልጻፍኩም።

ከኋላ የነበረች አንዲት ልጅ ስትሰማ ቆይታ እጇን አወጣች። «ጭዱ የተበጠሰ የለም» አለች። «ከጭቃው ተነቅሎ ነው የወጣው።» ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። በዚህ ሥራ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝ፤ እሷ ባትለኝ አላየውም ነበር። ከዚያ ቀጠለች። ጭዱ አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ከተነቀለ፣ ቃጫ ብናደርግበትስ? ሻካራ ስለሆነ ጭቃውን ይይዛል። ርዝመቱስ? ረጅም ሆኖ ጥቂት ይሻላል ወይስ አጭር ሆኖ ብዙ?

አላውቅም አልኳት፤ ሠርተን እንየው። አያቷ ገመድ ሲገምዱ የሚተርፋቸውን ቃጫ ይዛ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና በሦስት ዓይነት ርዝመት ቆርጣዋለች፣ መጠኑን በሚዛን ለክታ በደብተሯ ጽፋለች። ጡቦቹ ተመትተው በየሳጥናቸው ውስጥ ናቸው። ሲደርቁ በባልዲና በአሸዋ ሳይሆን እኛ ማሽን ላይ እንዲሰበሩ ከአለቃዬ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ደግሞ እሷ ናት።